መንገድ ሰበብ ይፈልጋል

የቪዛ ፎርም ሞልታችሁ የምታውቁ ያቺን ጥያቄ ታስታውሷታላችሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የፓስፖርት ቁጥር ብላችሁ ስትጨርሱ ትመጣለች። የጉዞዎ ዓላማ ምንድን ነው? ከሥሯ ትንንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል። ጉብኝት፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ ሕክምና፣ ቤተሰብ ጥየቃ። አንዱን መርጦ ምልክት ማድረግ ነው።

እኛ አገር ሰው "ጉብኝት" የሚለው ላይ ምልክት ሲያደርግ እጁ ትንሽ ያመነታል። ማን ያምነኛል ብሎ ነው። ከፎርሙ ጋር የሚያያዘው ወረቀት ራሱ አንድ ክላሰር ይሞላል። የባንክ ስቴትመንት፣ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ ካለ የቤት ካርታ፣ ካለ የመኪና ሊብሬ። ይሄ ሁሉ አንድ ነገር ለማስረዳት ነው፤ እመለሳለሁ ለማለት። የሚጠራጠረው ደግሞ መስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው ብቻ አይደለም። "ለሁለት ሳምንት አገር አይቼ ልምጣ" ያላችሁት ጓደኛ ራሱ ጠቀስ አድርጎ "ልትቀር ነዋ!" ይላችኋል። ፍሪጃችሁን ለማን እንደምትሸጡ የሚጠይቅም አይጠፋም።

እናም ዓለምን መዞር የፈረንጅ ሥራ ነው ተብሎ ተትቷል። ትልቅ ሻንጣ አዝሎ፣ ቁምጣ ለብሶ፣ ፒያሳ ላይ ፀሐይ የሚያቃጥለው ነጭ ሥራ። እሱ ሊያይ ይመጣል፣ እኛ ሠርተን ልንበላ እንሄዳለን። ይሄ ክፍፍል አይዋጥልኝም። "ራስን ፍለጋ" የሚባለው የጉዞ ማስታወቂያ ቋንቋም እንደዚያው። ራሱን ፍለጋ ቦሌ ድረስ ሄዶ ተሰልፎ፣ ቀበቶውንና ጫማውን አውልቆ የተፈተሸ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

እኔ የማየው እንዲህ ነው። የማየት ፍላጎት ሁሉም ሰው ጋ አለ፤ ገበሬውም፣ ሼኩም፣ ቄሱም፣ ነጋዴዋም ጋ። ግን ብቻውን ሰው ከቤት አያስነሳም። ሰበብ ይፈልጋል። ለእናት የሚነገር፣ ለአለቃ የሚነገር፣ ለራስም የሚነገር ደህና ሰበብ። ሰበቡ ከበር ያስወጣችኋል። ከወጡ በኋላ ያለው ሌላ ታሪክ ነው።

ፍላጎቱስ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ የኔን ልንገራችሁ። ከካላንደር ነው። ልጅ ሆነን ዓመቱ ያለቀ ካላንደር አይጣልም ነበር። ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ወረቀት ስለነበረ የደብተር መሸፈኛ ይሆናል። እናቴ ማታ መሬት ላይ ዘርግታ፣ በመቀስ ቆርጣ፣ ጠርዙን አጥፋ ትሸፍንልን ነበር። ሥዕሉ ወደ ውስጥ፣ ነጩ ወደ ውጭ መሆን ነበረበት፤ ስም ስለሚጻፍበት። እኔ ገልብጣ እንድትሸፍንልኝ አስቸግር ነበር። የሒሳብ ደብተሬ አንድ ዓመት ሙሉ በትልቅ የብረት ድልድይ ፎቶ ተሸፍኖ ኖረ። ከሥሩ መርከብ ያልፋል፣ ከላዩ መኪና ይሄዳል፣ ሰማዩ ወይን ጠጅ ነው። የት አገር እንደሆነ የተጻፈበት ጥግ ተቆርጦ ወጥቷል። የክፍላችን ልጆች አሜሪካ ነው ይላሉ፤ አንዱ ሩሲያ ነው ብሎ ድርቅ አለ። በዚያ ክርክር ያጠፋሁት ጊዜ ማካፈል ለመማር ካጠፋሁት ይበልጣል።

ሰበብ ያልኩትን ነገር በደንብ ያስረዱኝ ግን የሰፈራችን መሪጌታ ናቸው። ዛሬ አርጅተዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጣሉ። ገና ጢም ሳያወጡ ነው ከወላጆቻቸው ቤት የጠፉት። ገበያ ደርሼ ልምጣ ብለው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። ያኔ እንዲህ መጥፋት የተለመደ ነበር። የቤተ ክህነቱ ትምህርት ራሱ አገር ለአገር ተበትኖ ነው የተቀመጠው። ቅኔ የፈለገ ዋሸራ አለ፣ ጎንጅ አለ፣ ዋድላ አለ። ድጓ የፈለገ ቤተ ልሔም ይወርዳል። ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ነው። አቋቋም ጎንደር። ሁሉንም እማራለሁ ያለ ልጅ ወጣትነቱን መንገድ ላይ ይጨርሳል።

ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንጠልጥለው፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ቁራሽ ለምነው ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጡት። ስለ መምህሮቻቸው ስጠይቃቸው ባጭሩ ይመልሳሉ። ስለ መንገዱ ስጠይቃቸው ግን ይረዝማል። የትኛው መንደር ውሻው ክፉ እንደነበር፣ የትኛው ወንዝ ክረምት እንደማያሻግር፣ የት አካባቢ እንጀራው በጥቁር ጤፍ፣ የት በዳጉሳ እንደሚጋገር ዛሬም ቁጭ ብለው ይነግሯችኋል። አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣

"መሪጌታ፣ መንገዱን ይወዱት ነበር እንዴ?" አልኳቸው።

"ትምህርት ነው እንጂ ሽርሽር መሰለህ?" ብለው ተቆጡኝ። ትንሽ ዝም አሉና ደግሞ፣ "ጎንጅ መምህሩ ደህና ነበሩ። ምንም አልጎደለብኝም። ግን ክረምቱ ሲወጣ መንገድ መንገድ አለኝ" አሉ።

ይኼው ነው። ቅኔው እውነተኛ ምክንያት ነበር፤ ማንም አይክደውም። ቅኔ ባይኖር ግን መንገድ መንገድ ያለው ልጅ ለአባቱ ምን ብሎ ይወጣል?

ስለ ታላላቅ ተጓዦች ስታነቡም የምታገኙት ይሄንኑ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እኔም መቀላቀል ስለሰለቸኝ ነው።) ኢብን ባቱታ በ1325 ከሞሮኮዋ ታንጀር ሲወጣ የ21 ዓመት ልጅ ነበር። ሰበቡ ሐጅ ነው። ከሐጅ የተሻለ ሰበብ ደግሞ የለም፤ የትኛው ሙስሊም አባት ልጁን አትሂድ ይላል? በዓመቱ መካ ደረሰ፣ ሐጁን አደረገ። እንግዲህ ሥራው አልቋል፤ ይመለሳል። አልተመለሰም። ፋርስን አየ። በየመን በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወረደ። የኛዋን ጎረቤት ዘይላንም አይቷታል፤ የዓሣውና የሚታረደው ግመል ሽታ አስጠልቶት፣ ባሕሩ እየተናወጠም ቢሆን መርከብ ላይ ማደርን መረጠ። ሕንድ ሄዶ ዴልሂ ላይ ቃዲ ሆነ። ማልዲቭስም ቃዲ ሆነ። ቻይናንም አየሁ ብሏል። የሄደበትን መንገድ ደግሞ አለመሄድ ልማዴ ነው ይል ነበር። ለሐጅ የወጣ ሰው እንዲህ ያለ ልማድ ምን ያደርግለታል?

አገሩ የገባው በ1349 ነው። 24 ዓመት። አባቱ ከሞቱ 15 ዓመት እንዳለፋቸው ደማስቆ ላይ ነው የሰማው። እናቱን እንኳን አያለሁ ሲል፣ ሞሮኮ ገብቶ ቤቱ ሳይደርስ፣ በወረርሽኙ መሞታቸውን መንገድ ላይ ነገሩት። ይሄን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ያመኛል። ተጓዥን ስናደንቅ ቤት ቁጭ ብሎ በር በር የሚያየውን ሰው እንረሳለን። "ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ፣ ቢበላ ሣር ቢበላ መቅመቆ" ያሉት ወላጆቻችን ዝም ብለው ፈሪ ስለሆኑ አይደለም። የሚያለቅሱት እነሱ ስለሆኑ ነው።

ደግሞ ሰበቡ ላይ ደርሶ ባዶ የሚሆን አለ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ አገኛለሁ ብሎ በምጽዋ በኩል ገብቶ፣ ጎንደር ቤተ መንግሥት ሰንብቶ፣ በጦርነት መሀል አልፎ በኅዳር 1770 ሰከላ ውስጥ ግሽ ዓባይ ደረሰ። ረግረጉ ሣር ውስጥ ያለችውን ምንጭ ሲያያት ፈነደቀ። ውኃውን ቀድቶ ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጠጣ። ከዚያ ምን ሆነ? ሐዘን ገባው። ይሄን ራሱ ነው የጻፈው። ይሄን ሁሉ መከራ ያየሁት ለዚች ነው ወይ አለ። እንደውም ፖርቹጋሎችን ተከትሎ የመጣው ኢየሱሳዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ቆሞ ነበር፤ ብሩስ ግን እሱን ማመን አልፈለገም።

የአካባቢው ሰው ምንጩ የት እንዳለ ሲጠፋው አልኖረም። ጠበል ነው፤ ከሩቅ ተጉዞ የሚመጣለትም አለ። አስቡት፣ ያቺ አንዲት ምንጭ አጠገብ አንዱ ለዝና ብሎ ከአውሮፓ መጥቶ ቆሟል፣ አንዷ ለልጇ ፈውስ ብላ ከሦስት ቀን መንገድ መጥታ ቆማለች። ማን ነው ተጓዥ? እኔ ሁለቱም እላለሁ። ብሩስ ወደ ቤቱ ሲመለስ የጻፈው ሰፊ መጽሐፍ ደግሞ ከምንጯ ይልቅ ስለ ጎንደር ነው የሚጠቅመን። ሰበቡ ዓባይ፣ ያገኘው ጎንደር።

ከኛ መሪዎች ጉዞ ሁሉ የምወደው የራስ ተፈሪን የ1924 የአውሮፓ ጉዞ ነው። ከዓመት በፊት ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ሆናለች። አልጋ ወራሹ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን ጨምሮ መኳንንቱን አስከትለው ሲወጡ ከያዟቸው ጉዳዮች ዋናው የባሕር በር ነበር። ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ስቶክሆልም፣ ለንደን፣ ሮም፣ አቴንስ ዞሩ። ግብዣ ተደረገ፣ ኒሻን ተሰጠ። ወደቡ ግን አልተገኘም። ኢየሩሳሌም ላይ ግን ከቱርክ እልቂት የተረፉ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ባንድ ሲጫወቱ ሰምተው ነበር። 40 ልጆች። ወደዷቸው፤ ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው አዲስ አበባ አስመጧቸው። "አርባ ልጆች" የተባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ቀጥሎ የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ለዘመናዊ ሙዚቃችን ስንት እንደሠሩ ሙዚቀኞቻችን ያውቃሉ። ወደብ ፍለጋ ሄዶ ሙዚቃ ይዞ መምጣት! የጉዞ ዓላማ የሚለው ሳጥን ውስጥ ይሄን የት ትጽፉታላችሁ?

ወደ ተራው ሰው እንመለስ። ለኔና ለመሰሎቼ የዘመኑ ሰበብ ስልጠና ነው። ወርክሾፕ። መሥሪያ ቤት ይልካል፣ ጋባዡ ቲኬት ይቆርጣል፣ አበል ይታሰባል። የአበል ተጓዥ የራሱ ሕግ አለው። ስትሄድ ሻንጣው በበርበሬ፣ በሽሮና በዳቦ ቆሎ ይሞላል፤ ግማሹ ለዘመድ፣ ግማሹ ለራስ። አብሮኝ የሄደ አንድ ባልደረባዬ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ በሃይላንድ ጠርሙስ በሶ በጥብጦ እራቱን ይጨርስ ነበር። ስትመለስ ያው ሻንጣ የልጆች ጫማና ጃኬት ይሆናል። አላፌዝም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። በዚያ አበል ትምህርት ቤት የተከፈለለት ልጅ ስንት ነው።

ኢስታንቡል የደረስኩት በዚህ መንገድ ነው። ስልጠናው ስለ ሪፖርት አጻጻፍ ነበር፤ አንድም ቃል አላስታውስም። የማስታውሰው ከሰዓት በኋላ ሾልኬ ወጥቼ ኤሚኖኑ ከሚባለው ወደብ ወደ ካዲኮይ የሚሻገረውን የሕዝብ መርከብ መሳፈሬን ነው። ለነሱ እንደኛ አንበሳ አውቶቡስ ማለት ነው። ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አባት ወገቧ ቀጠን ባለች ትንሽ ብርጭቆ ሻይ ይዘው ያንቀላፋሉ፤ ብርጭቆዋ ግን ከእጃቸው አትወድቅም። ከኋላ በኩል ተማሪዎች ሲሚት የሚሉትን ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ እየቆረሱ ይወረውራሉ፤ ነጫጭ የባሕር ወፎች ከአየር ላይ ይቀልቡታል። በሃያ ደቂቃ ገደማ ከአውሮፓ ተነስተን እስያ ወረድን። ማንም ቀና ብሎ አላየም። እኔ ብቻ ነኝ አፌን ከፍቼ የቆምኩት። ካዲኮይ ወርጄ ምን ሠራሁ? ምንም። አንድ ሻይ ጠጥቼ በሚቀጥለው መርከብ ተመለስኩ። ለባልደረቦቼ ፋርማሲ ሄጄ ነበር አልኳቸው። የሕመም ሰበብ ማንም አይጠይቅም።

አንድ ነገር ሳላነሳ ካለፍኩ ግን ጽሑፉ ውሸት ይሆናል። ከአገራችን ከሚወጡት ብዙዎቹ በሰበብ የሚወጡ አይደሉም፤ ኑሮ ገፍቷቸው ነው። ጎረቤታችን የነበረች ልጅ ቤሩት ሠርታለች። እዚያ አገር የቤት ሠራተኛ በከፋላ ሥርዓት ከአንዲት አሠሪ ጋር ትታሰራለች፤ ፓስፖርቷ የሚቀማ ብዙ ናት። የሷም ተቀምቶ ነበር። የኮንትራት ጊዜዋን በሙሉ ሜዲትራኒያን ባሕርን በኩሽና መስኮት ስታየው ኖረች። ዕቃ ስታጥብ ማለዳ ሰማያዊ ነው፤ ምሳ ስትሠራ ያብረቀርቃል፤ ማታ ጥቁር ነው። ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ነው አሠሪዋ አንድ ቀን የለቀቀቻት። ኮርኒሽ የሚሉት ባሕር ዳር ያለ መንገድ ላይ ወርዳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ውኃው ውስጥ ገባች። "እውነት ጨው ጨው ይላል ወይ ብዬ በምላሴ ቀመስኩት" አለችኝ እየሳቀች።

የሷን ጉዞ ከቱሪስት ጋር አንድ ላይ መደመር ነውር ነው። የሄደችው ለእንጀራ ስለሆነ ማየት አያምራትም ነበር ማለትም ነውር ነው።

አሁን ወደ አክስቴ። አክስቴ ስድሳዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ከዕቁብ ባወጡት ብር ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ሄደው ተሳልመው መጡ። ሊጠይቃቸው የመጣ ሰው ቤቱን ሞላ። እሳቸውም የጫማ ካርቶን ከፍተው ያመጡትን አንድ በአንድ አሳዩን። በፕላስቲክ ጠርሙስ የዮርዳኖስ ውኃ። በትንሣኤው ብርሃን ተለኩሶ የጠፋ 33 ጧፍ በአንድ ላይ ታስሮ። ዮርዳኖስ የተነከረ ነጭ ጨርቅ፤ እሱ ለመገነዣ ነው፣ ማንም እንዳይነካው ብለው ታች አደረጉት። ስለ ጎልጎታ ሲነግሩን አለቀሱ። የኛ መነኮሳት በጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ ዴር ሱልጣን፣ በእነዚያ ጠባብ ጎጆዎች ውስጥ እንዴት ጸንተው እንደሚኖሩ ሲነግሩን ሁላችንም ዝም አልን።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን ወሬው ተቀየረ። ሙት ባሕር! ሰውዬው ውኃው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ጋዜጣ ሲያነብ አይቻለሁ፤ አምላኬን አይቻለሁ፣ አይሰጥምም! የቲማቲሙ ዋጋ። ሆቴሉ በር በካርድ እንደሚከፈት፣ ካርዱን ክፍል ውስጥ ረስተው እንደወጡ። አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት በምልክት ሲያወሯቸው ስለ ልጆቻቸው ሁሉ ተግባብተው ተለያዩ። እጃቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ዓይናቸው እያበራ።

"እንዴት ተደስተው ነው የመጡት!" ብዬ አመለጠኝ።

"ተው እንጂ! ልሳለም ነው የሄድኩት፤ ልዝናና መሰለህ?" አሉኝ። የመሪጌታን ቁጣ አስታወሰኝ።

ይሄው አሁን ደግሞ አዲስ ዕቁብ ገብተዋል። ግብፅ ደብረ ቁስቋምን መሳለም አምሯቸዋል፤ ቅድስት ቤተሰብ በስደት ያረፉበትን ገዳም። ጎንደር ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ቁስቋም በወጣትነታቸው ተሳልመዋታል፤ ዋናዋን ሳላይ አልሞትም ነው የሚሉት። አብሬ እንድሄድ ተወስኗል። ሻንጣ የሚይዝና ፎርም የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ብሆን ከዚህ የተሻለ ሰበብ ከየት አመጣለሁ።

ባለፈው እሑድ ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ አሳየኋቸው። ካይሮ እዚህ ነው። ገዳሙ ከካይሮ ወደ ደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ወደ አሲዩት በሚወስደው መንገድ ነው የሚሄዱት። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። ጣታቸውን ካይሮ አጠገብ አሳረፉ።

"እሺ፣ ያ ፒራሚድ የሚሉት የቱ ጋ ነው?"

"እዚሁ ነው፤ ጊዛ። ከካይሮ ጋር የተያያዘ ነው።"

"እ... መንገዳችን ላይ ነዋ!"

"ማለት ይቻላል።"

"እንግዲያው እግረ መንገዳችንን ነው፤ ብለን አንሄድበትም" አሉና ስልኩን መለሱልኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ። "ስማ እስቲ፣ እዚያ ግመል ላይ ያወጣሉ አሉ፤ ስንት ነው የሚያስከፍሉት?"